ወረቀቷን ሳይሆን ፍሬኗን ፈትኑ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ ወላጆች፣ ከሁሉም በላይ የዛሬ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ስለ ሥራ ፈጠራ ምክር እንድሰጥ ነበር የተጋበዝኩት። እሱን ጠግባችሁታል። እኔ የመጣሁት በገዛ እጃችን ስለ ሠራናት ባለሦስት ጎማ መኪና ልናገር ነው። እዚህ ደብረ ማርቆስ ጋራዣችን በር ላይ ቆማ ያላያት የለም። ለምን እንደቆመች ግን በአደባባይ መነገር አለበት።

ሐሳቡ የመጣው ከጮቄ ሥር ድንች ከሚያወርዱ ገበሬዎች ነው። አህያዋ ትደክማለች፣ አይሱዙ ለሦስት ኩንታል ብሎ ዳገት አይወጣም። እኛ ጋ ያለው ከተገጨ ሞተር ሳይክል የወጣ 200 ሲሲ ሞተር፣ ከአሮጌ ላዳ የተፈታ መሪ፣ 40 በ40 የብረት ቱቦላሬና የብየዳ ማሽን ነበር። በቃ፣ ጀመርን።

ወዲያው ክርክር ተነሣ። ገሚሱ እንደ ባጃጅ ከፊት አንድ ጎማ ይሁን አለ፣ ገሚሱ ሁለት። ሁላችንም አያ የምንለው አንጋፋው በያጃችን ጠመኔ አንሥቶ ወለሉ ላይ ሣለልን። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል፤ ያን ጊዜ መሪ ካዞርክና ከፊት ያለው ጎማ አንድ ብቻ ከሆነ በጎን ትደፋለህ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል የነዳ ሰው ይህ ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ ሁለቱን ከፊት፣ አንዱን ከኋላ አደረግን፣ ጭነቱንም ዝቅ አድርገን ወደ ፊት ጎማዎቹ አስጠጋነው። ከተማችን ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ስለዚህ የኋላ ጎማውን የሰንሰለት ጥርስ አሳደግነው። ፍጥነቷ ቀነሰ፣ ዳገቱን ግን ትወጣዋለች።

አያ የመሪውን መጋጠሚያ በይዶ ሲጨርስ ቅርፊቱን በመዶሻ አራገፈና መስመሩን በጣቱ ዳሰሰው። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ነገር አገኘ። "ይሄ የሰው ነፍስ ነው" ብሎ ሁሉንም በብረት መቁረጫው በፍሌክስ ቆርጦ እንደገና በየደው። ማንም አላዘዘውም።

ይህችን መኪና ይዘን ታርጋ ልንጠይቅ ሄድን። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። "የየት ፋብሪካ ናት? የጉምሩክ ወረቀቷስ?" ተባልን። ከወንበሩ ተነሥቶ ፍሬኗን የረገጠ የለም። ከሥሯ ጎንበስ ብሎ ያየ የለም። መብራቷን አብራ እንኳ ያለን የለም። መንገድ ላይ እንዳናያት ተባለ፣ አለቀ።

ወገኖቼ፣ እኛ ዝም ብላችሁ ልቀቁን አላልንም! መርምሩን ነው ያልነው! ጫኗት፣ ቁልቁለት ላይ አቁሟት፣ ካልቆመች እኛው በፍሌክስ እንቆርጣታለን። ሳያዩ መከልከል ግን ምርመራ አይደለም። ስንፍና ነው!

እስቲ አስቡት፣ ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በፈረንጆች 1886 የፈጠራ መብት ያስመዘገባት መኪና ባለሦስት ጎማ ነበረች። በ1888 ሚስቱ በርታ ሁለት ልጆቿን ይዛ የዚያችኑ ዓይነት መኪና ከማንሃይም እስከ ፎርትስሃይም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። ነዳጁን ከመድኃኒት ቤት ገዛች፣ ፍሬኑ ሲያልቅ ጫማ ሰፊ ቆዳ መታላት። በዚያው ዓመት ባለሥልጣናቱ ለቤንዝ መንገድ ላይ እንዲነዳ በጽሑፍ ፈቀዱለት። የጉምሩክ ወረቀት ከየት ያመጣ ነበር?

የእጅ ባለሙያን "ቀጥቃጭ" እያልን የናቅንበት ዘመን ረጅም ነው። ምኒልክ እንኳ ባለሙያ እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬ ስድቡ ቀርቶ ይሆናል። ንቀቱ ግን ማኅተም ይዞ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ለብየዳ ተመራቂ ሴት ልጆችም ጋራዣችን ክፍት ነው፣ ኑ።

ፊት ወንበር ላይ ለተቀመጣችሁ ኃላፊዎች የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንድ መሐንዲስና አንድ ትራፊክ መድቡልን። ቀኑን እናንተ ቁረጡ፣ የጭነቱን ድንች እኛ እናመጣለን። ካለፈች ታርጋ ስጧት፣ ከወደቀች የወደቀችበትን ምክንያት ጽፋችሁ ስጡን፣ እናስተካክላለን። ቀኑን ዛሬ፣ ከዚህ አዳራሽ ሳንወጣ ንገሩን።

አመሰግናለሁ።