ከእንጦጦ ያወረደው ፍል ውሃ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ! ዛሬ ከጎንደር ሆነን የምናወራው ስለ አዲስ አበባ ፍል ውሃ ነው። አታኩርፉ! እቴጌ ጣይቱ የሰሜንና የበጌምድር ዘር ናቸው፤ ወሬው የኛም ነው።

ያኔ የምኒልክ ቤተ መንግሥት የነበረበት የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለምሽግ ግሩም፤ ለኑሮ ግን ብርድ፣ ንፋስ፣ የማገዶ ጣጣ። ግርጌው ላይ ደግሞ ውሃ ከመሬት እየጨሰ ይወጣል። ቦታው ባዶ አልነበረም፤ ኦሮሞዎቹ ፊንፊኔ ይሉታል። የቤተ መንግሥቱ ሰው ይወርዳል፣ ይታጠባል፣ ይመለሳል። ይወርዳል፣ ይታጠባል... መመለሱ እየቀረ መጣ። በ1879 ዓ.ም. ምኒልክ ሐረር ሲዘምቱ ጣይቱ ፍል ውሃው አጠገብ ሰፈሩ፤ ስሙንም አዲስ አበባ አሉት። እንጦጦ ወዲያው አልተተወም፤ ምኒልክ በ1882 የነገሡት እንጦጦ ማርያም ነው። የእንጨቱ ችግርም ተከትሎ ወረደ፤ በ1890ዎቹ ከተማው አዲስ ዓለም ወደምትባል ቦታ ሊሄድ ተቃርቦ ባሕር ዛፍ አስቀረው።

ታዲያ ውሃውን ማን አሞቀው? ጀበና አስቡ። እስከ አንገቱ ሞልታችሁ፣ ከሰል ላይ ጥዳችሁ፣ ወደ ወሬ ዞራችሁ እንበል። (አውቃችኋለሁ!) ሆዱ ይግላል፣ ውሃው በአንገቱ ሽቅብ ይላል፣ ቡፍ! ከሰሉ ጠፋ፣ ረከቦቱ አመድ ለበሰ፣ እማማ ተቆጡ። በቃ፣ ይኸው ነው! ከሰሉ ከሥር ያለው ትኩስ ዓለት ነው። ሆዱ ውሃ የቋጠረው ዓለት። አንገቱ መሬቱ የተሰነጠቀበት መስመር። ውሃ የምትጨምረው የቤቱ ልጅ ደግሞ ክረምት ናት። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጀበናዬ ትከዳኛለች፦ ቡናውን የሚያገነፍለው እንፋሎት ነው፤ ፍል ውሃን በዋናነት የሚገፋው ግን ከፍ ካለ ቦታ የሰረገው ውሃ ክብደት ነው።

ቀሪውን ፈጠን ልበል፤ ትኩሱ ዓለትም ስንጥቁም የስምጥ ሸለቆ ሥራ ነው፣ እሱን ከትምህርት ቤት ታውቁታላችሁ። ዝናብ ይሰርጋል፣ ይሞቃል፣ በስንጥቁ ይመለሳል። በመንገዱ ሶዲየም፣ ባይካርቦኔትና ፍሎራይድ ይዞ ይመጣል። ገላ ላይ ሙልጭልጭ የሚለው ለዚህ ነው። ፍሎራይድ የልጆችን ጥርስ ስለሚያበላሽ የዘወትር መጠጥ አይደረግም። ቧንቧ ውስጥም ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ጉድጓድ በጉድጓድ ላይ ከተቆፈረ ግፊቱ ይወርድና ምንጩ ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ፓምፕ አይወጣም።

አሁን ወደ ኮሜንታችሁ። «የፋሲል መዋኛም ድሮ ፍል ውሃ ነበር» የምትሉ አላችሁ። ኧረ በሕግ! ለጥምቀት የዘለለ ሰው ካለ ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ጠይቁት። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተጠልፎ የሚገባ ነው። ፍል ውሃ ቢሆን ኖሮ በራሱ ይፈልቅ ነበር፤ ለጥር 11 ብላችሁ መሙላት፣ ከዚያ ማፍሰስ ለምን አስፈለገ? ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ ነው እኮ። «ግድግዳው ላይ የማዕድን ምልክት አለ» ያላችሁትስ? እሱ የዛፍ ሥር ነው! ድንጋዩን እንደ ጣት ጨብጦ የያዘው፣ ፎቶ የምትነሱበት። ነገሥታቱ ይታጠቡበት ነበር? ይሁን። ግን በቀዝቃዛ።

ፍል ውሃ የሚያምረው ሰው ዋንዛዬ አለለት፤ ደቡብ ጎንደር፣ ጉማራ ወንዝ አካባቢ። የትም ብትገቡ አገባቡ አንድ ነው። ውሃው 40 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፤ ከዚያ የጋለ ከሆነ ቀዝቃዛ ይጨመርበት። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ከዚያ ትከሻ። ከ15 ደቂቃ በላይ አትዘፍዘፉ። ሙቀት የደም ሥርን ስለሚያሰፋ ብድግ ብላችሁ ብትነሱ ዓይናችሁ ይጨልማል፤ ጠርዙ ላይ ቁጭ በሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ከዚያ ተነሱ። ነፍሰ ጡር፣ የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ አድርጉ፤ ከሰሉ ላይ ጀበና የጣዳችሁ ግን መጀመሪያ እሱን አውርዱ።