የኔታ ገጽ ስንት ላይ ናቸው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ላወራችሁ ነበር። እሱ ይቆየን። አንድ ነገር ውስጤ ገብቶ አልወጣ ብሏል።

መሪጌታን ታውቋቸዋላችሁ፤ አብረውን ነገረ መለኮት የሚማሩት፣ የግሪኩን የግሥ ርባታ በዜማ የሚያጠኑት። ባለፈው የመዝሙረ ዳዊት ክፍለ ጊዜ ጽሑፍ የማቅረብ ተራው የሳቸው ነበር። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትተውት «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ብለው ጀመሩ። ከዚያ አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ወረዱት። እኔ ማስታወሻ መያዝ ሁሉ ትቼ ነበር።

ሲጨርሱ መምህራችን «ግሩም ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ምንጭዎ የት አለ?»

«የኔታ ናቸው።»

«የትኛው መጽሐፋቸው?»

«መጽሐፍ የላቸውም። ከአፋቸው ነው የተቀበልኩት።»

«እሳቸውስ ከየት አገኙት?»

መሪጌታ ጥያቄውን በቅንነት መለሱ። የኔታ ከማን እንደተማሩ፣ እኚያ ደግሞ ከማን እንደተቀበሉ፣ ደብሩን እየጠሩ ወደ ላይ ቆጠሩ። ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። ግን «ይሄ ዋቢ አይሆንም» አሉ። ጽሑፉ ሲመለስ ጠርዙ ላይ በቀይ «ምንጭ ይጎድለዋል» የሚል ነበር።

እኔን የሚያብከነክነኝ ሳቁ ነው። አይ... ሳቁም አይደለም።

እስቲ የየኔታን፣ የአብነቱን ትምህርት አስቡት። ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት። ዕድሜ የሚበላ መንገድ ነው። ለቅኔው ዋሸራ፣ ለአቋቋሙ ጎንደር፣ ለድጓው የጋይንቱ ቤተልሔም እየተባለ በእግር የሚኬድበት። ቁራሽ ተለምኖ፣ ደበሎ ተለብሶ። የቅኔ ተማሪ ቀን አዲስ ቅኔ ሲያወጣ ውሎ ለመምህሩ ይነግራል። ሁለት ስንኝ ካለው ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ስንኝ እስካለው መወድስ ይደርሳል። የተበላሸውን መምህሩ እዚያው፣ ጓደኞቹ ፊት ያርሙታል። እኛ በዓመት አንዴ የምንፈራው ግምገማ እዚያ የዕለት ኑሮ ነው። ታዲያ ይሄን ያለፈ ሰው ምንጭ የለውም ይባላል?

ደግሞ እኮ የወንጌሉ አንድምታ፣ ይሄ «አንድም» እየተባለ የሚወርደው ትርጓሜ፣ ታትሞ ከወጣ ገና መቶ ዓመት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት አብዛኛው ከየኔታ አፍ ነበር የሚወረሰው። ዛሬ የታተመውን ገጽ ጠቅሶ የሚጽፍ ተማሪ ዋቢ አለው። ያንኑ ቃል ከመምህሩ አፍ የሰማው ግን የለውም። ይሄ ነገር አልዋጥልሽ አለኝ።

ቆይ፣ መምህሩን ክፉ አታድርጉብኝ። እሳቸውም ከቅኔ ቤት የወጡ ናቸው። ተማሪ ከኢንተርኔት ገልብጦ የሚያስገባውን ሲያነቡ ነው የሚያመሹት። አንዴ «ምንጭ ካልጠየቅን ሁሉም የልቡን ተናግሮ አባቶች አሉ ይለናል» ብለውን ነበር። ልክ ናቸው። አሁን ዩቲዩብ ላይ «አባቶች እንዳሉት» ተብሎ የማይነገር ምን አለ? እንዲያውም ይሄን ሳስብ ወደሳቸው አደላለሁ።

ከዚያ ደግሞ የዋቢ አጻጻፍ መመሪያውን ከፈትኩ። ኤፒኤ (APA) የሚባለውን። የቃል መረጃ ይፈቀዳል፤ «የግል ግንኙነት» ተብሎ ጽሑፉ ውስጥ ስምና ቀን ይጠቀሳል። ከኋላ ያለው የዋቢ ዝርዝር ውስጥ ግን አይገባም። አንባቢ ሄዶ ሊያገኘው ስለማይችል ነው ምክንያቱ። እስክስቅ ድረስ... አይ፣ አልሳቅሁም። አዘንኩ። የኔታ እኮ ጉባኤያቸው ላይ ተቀምጠዋል! ሄዶ ማግኘት ይቻላል።

ምናልባት ጾሙ ይሆናል እንዲህ ያደረገኝ። ያን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቀመሰ የለም፣ ሁላችንም ሆድ ብሶናል። የካፌዋ ሽሮ እንኳ ትናፍቀኝ ነበር፤ ታውቋታላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። የአራት ኪሎው የሥላሴ ኮሌጅ በደርግ ጊዜ ተዘግቶ በ1987 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ጉባኤ ቤቶቹም የቤተ ክርስቲያን መሬት በ1967 ዓ.ም. ሲወረስ ተጎድተዋል። ግን ማስተማራቸው አልቆመም፤ ተማሪው ለምኖም ቢሆን... ይሄን ለምን አነሳሁት? አዎ፣ ማን ማንን ይመዝናል ለማለት ነው። ወይም እንዲያ ማለቴ አይመስለኝም። ሁለቱም ያስፈልጉናል።

ትናንት መሪጌታን ግቢ ውስጥ አገኘኋቸው። «የኔታን በስልክ ይቅረጿቸው፣ ከዚያ ይጠቅሷቸው» አልኳቸው። «ይፈቅዳሉ ብለሽ ነው?» አሉኝ። ተቀይመዋል ብዬ ነበር፤ አልተቀየሙም። ጽሑፉን እያስተካከሉ ነው።

ቢፈቅዱስ ግን? የሳቸው ድምፅ ይቀረጻል እንበል። ከሳቸው በላይ ያሉትስ? መሪጌታ የቆጠሯቸው እነዚያ ሁሉ በየትኛው ዓመተ ምሕረት ይገባሉ? ቀረጻውስ ቢሆን የማን ነው የሚባለው፣ የየኔታ ወይስ የቀረጸው ሰው? እንጃ። ሐሙስ የዕብራይስጥ ፈተና አለብኝ፣ ግሡን ገና አልነካሁትም። ከፈተናው በኋላ እመለስበት ይሆናል። ወይ መምህሩን ራሳቸውን ልጠይቃቸው... እንጃ፣ እናያለን።