ከፋማጉስታ በሚነሣ ጭነት ላይ ማን ይፈርም?

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። ዛሬ እንግዳ የለንም። ብዙ ጊዜ በሐሳቤ ስለሚመላለስ አንድ ድርድር ብቻዬን ላወራችሁ ነው። ነገሩ የቆጵሮስ ነው፤ ለሁለት የተከፈለችው ደሴትና የወደቦቿ ጉዳይ። ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

መነሻውን ባጭሩ። በጁላይ 1974 በአቴንስ ወታደራዊ መንግሥት የተደገፈ መፈንቅለ መንግሥት በዋና ከተማዋ ኒኮሲያ ላይ ተካሄደ፤ በአምስተኛው ቀን የቱርክ ጦር በሰሜን ጠረፍ ወረደ። ኦገስት ላይ ተኩሱ ሲቆም ከደሴቲቱ ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሚሆነው መሬት በቱርክ ጦር እጅ ነበር። ዛሬም ድረስ 180 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ የተባበሩት መንግሥታት ጓድ የሚጠብቀው፣ አረንጓዴው መስመር የሚሉት ቀጠና ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር ይቆርጣታል። ፋማጉስታ፣ የአገሪቱ አብዛኛው ጭነት ይገባባትና ይወጣባት የነበረችው ዋና ወደብ፣ በሰሜኑ በኩል ቀረች። በኦክቶበር፣ በደቡብ በግሪክ ቆጵሮሳውያን የሚመራው የቆጵሮስ ሪፐብሊክ መንግሥት ፋማጉስታን፣ ኪሬንያንና ካራቮስታሲን ዝግ ወደቦች ብሎ አወጀ፤ ንግዱ ወደ ሊማሶልና ላርናካ ዞረ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፋማጉስታ በአካል አልተዘጋችም። ከቱርክ፣ በተለይ ከመርሲን፣ የሚነሡ መርከቦች ዛሬም ያራግፉባታል። የተዘጋችው በሕግ ነው። እዚያ መርከቡን ያስጠጋ ካፒቴን በሪፐብሊኩ ሕግ ይጠየቃል። ከዚያ ይልቅ የሚከብደው ግን የወረቀቱ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው ድርድሩን ስለ ጦርና ስለ ካርታ ብቻ አድርጎ ስለሚያየው እዚህ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ።

እስከ 1994 ድረስ ብሪታንያ ከሰሜኑ የሚመጣውን ብርቱካንና ድንች ትቀበል ነበር። ከጭነቱ ጋር ሁለት ወረቀት ይሄዳል። አንዱ ዕቃው የት እንደተመረተ የሚመሰክርና ቀረጥ የሚያስቀንስ ነው። ሌላው ፍሬው ከተባይና ከበሽታ ነጻ መሆኑን የሚመሰክር የዕፅዋት ጤና ወረቀት ነው። የደቡቡ አምራቾችና ላኪዎች ከሰሱ፤ በጁላይ 5 ቀን 1994 የአውሮፓው ፍርድ ቤት ከሪፐብሊኩ ባለሥልጣናት በቀር ሌላ አካል የሚሰጠው ወረቀት ተቀባይነት የለውም ብሎ ፈረደ። ምክንያቱ ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ወረቀቱ ሲያጠራጥር አስመጪው አገር የላኪውን አገር መሥሪያ ቤት ጠይቆ ማጣራት መቻል አለበት። ዕውቅና ካልሰጡት አካል ጋር ደግሞ እንዲህ ያለ የሥራ ግንኙነት አይኖርም። ላኪዎቹ ብርቱካኑን መርሲን እያሳረፉ የቱርክን የጤና ወረቀት ማስወጣት ጀመሩ። በ2003 ያው ፍርድ ቤት ያንንም መንገድ ዘጋው፦ በማሸጊያው ላይ የሚኖረው የትውልድ ምልክት የሚረጋገጠው ፍሬው በበቀለበት አገር እንጂ በመተላለፊያው አይደለም አለ።

እንግዲህ 2004 የመጣው በዚህ ላይ ነው። ኤፕሪል 24 የአናን ዕቅድ፣ ማለትም የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናን ደሴቲቱን መልሶ ለማዋሐድ ያቀረቡት ሐሳብ፣ ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ። በሰሜኑ ካሉት የቱርክ ቆጵሮሳውያን 65 በመቶ ያህሉ ተቀበሉት፤ ከግሪክ ቆጵሮሳውያን ሦስት አራተኛው አልተቀበሉትም። በሳምንቱ፣ ሜይ 1 ቀን፣ ደሴቲቱ እንደተከፈለች የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች፤ የኅብረቱ ሕግ በሰሜኑ ታግዶ እንዲቆይ ተደረገ። በመካከሉ የኅብረቱ ሚኒስትሮች የቱርክ ቆጵሮሳውያንን መገለል እናበቃለን ብለው ቃል ገቡ። ከዚያ ቃል 259 ሚሊዮን ዩሮ እርዳታ፣ በመስመሩ በኩል የሚደረግ ንግድ ደንብ እና ከሰሜኑ ወደቦች በቀጥታ ወደ ኅብረቱ የሚደረግ ንግድ ረቂቅ ደንብ ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጸደቁ፤ እርዳታው ግን እስከ ፌብሩዋሪ 2006 ተጓቷል።

ሦስተኛው የወደቀበት ነገር በጣም ያስተምራል። ኮሚሽኑ ረቂቁን ያስመዘገበው ከውጭ አገር ጋር በሚደረግ ንግድ አንቀጽ ሥር ነው፤ በዚያ አንቀጽ ድምፅ ብልጫ ይበቃል። ቆጵሮስ ግን ሰሜኑ ውጭ አገር አይደለም፣ በኅብረቱ ውስጥ ያለ፣ ሕጉ ለጊዜው የታገደበት የእኔው ግዛት ነው አለች። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የሚሠራው የመግቢያ ውሉ 10ኛ ፕሮቶኮል ነው፤ እሱ የሁሉንም አባላት ስምምነት ይጠይቃል፣ ማለትም ቆጵሮስ ብቻዋን ልታስቀረው ትችላለች። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሕግ ክፍል በዚህ ተስማማ፤ በ2010 የአውሮፓ ፓርላማ የሕግ ጉዳዮች ኮሚቴም እንዲሁ። ስለ ቀረጥ መጠን ገና ሳይነጋገሩ፣ በየትኛው አንቀጽ እንደሚመርጡ ሳይስማሙ ቀሩ።

በዚህ መሃል የቱርክ ወደቦች ጉዳይ አለ። ቱርክ ከ1987 ጀምሮ የቆጵሮስ ባንዲራ ያለበትን መርከብ አታስገባም፤ በኋላም ክልከላው ከሊማሶልና ከላርናካ በቀጥታ ወደሚመጡት ሰፋ። የቆጵሮስ የመርከብ መዝገብ ከኅብረቱ ትልልቆቹ አንዱ ስለሆነ ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ኮንቴይነር ከሊማሶል ወደ መርሲን፣ ማዶ ወዳለው ወደብ፣ ለመሄድ በሦስተኛ አገር መርከብ መቀየር አለበት፤ የመርከብ ባለቤትም ቱርክ የሚያስኬደው ሥራ ካለው ባንዲራውን ይለውጣል። ጁላይ 29 ቀን 2005 ቱርክ ከአውሮፓ ኅብረት ጋር ያላትን የጉምሩክ ኅብረት ወደ አሥሩ አዲስ አባላት የሚያሰፋውን ፕሮቶኮል ፈረመች፤ ከፊርማዋ ጋር ግን ይህ ለቆጵሮስ ዕውቅና መስጠት አይደለም የሚል መግለጫ አያያዘች። ኅብረቱ በሴፕቴምበር መግለጫሽ ግዴታሽን አይቀይርም ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ ቀላልና ድርቅ ያለ ሆነ። አንካራ መጀመሪያ የሰሜኑ መገለል ይነሣ ትላለች። ኒኮሲያ የፈረምሽው ከሰሜኑ ጋር አይገናኝም፣ መጀመሪያ ወደብሽን ክፈቺ ትላለች።

በ2006 መጸው የአውሮፓ ኅብረት ተራ ፕሬዚዳንት የነበረችው ፊንላንድ ሁለቱን አንድ ላይ ለማሰር ሞከረች። በወቅቱ እንደተነገረው ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ፋማጉስታ ወደብ በኅብረቱ ቁጥጥር ለቀጥታ ንግድ ይከፈታል፤ ከ1974 ጀምሮ ታጥሮ ባዶ ቆሞ የነበረው የፋማጉስታ የቫሮሻ ሰፈር ለሁለት ዓመት ለተባበሩት መንግሥታት ይተላለፋል፤ ቱርክም ወደቦቿን ትከፍታለች። እኔ በቅርብ ከማውቃቸው የወደብ ሐሳቦች ሁሉ ከዚህ የተሻለ የተሰናዳ አላየሁም። ግን የሚለዋወጡት ነገሮች እኩል አልነበሩም። ቫሮሻ በሯ ተከፍቶ ባለቤቶቿ ከተመለሱባት መልሶ ማጠር አይቻልም፤ የወደብ ቁጥጥር ውል ግን ጊዜው ያልፋል፣ ሊታደስም ላይታደስም ይችላል። ደቡቡ ቫሮሻ ለባለቤቶቿ እንድትመለስ ፈለገ፤ ሰሜኑ በእጁ ያለው የኤርጃን አየር ማረፊያ ካልተጨመረ ወደብ ብቻውን አይበቃኝም አለ። በኖቬምበር መጨረሻ የፊንላንድ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤርኪ ቱኦሚኦያ ጥረቱ እንዳልተሳካ ተናገሩ። ቱርክ በመጨረሻ ሰዓት አንድ ወደብና አንድ አየር ማረፊያ ለመክፈት ብታቀርብም ዲሴምበር 11 ሚኒስትሮቹ ቱርክ የኅብረቱ አባል ለመሆን ከምትደራደርባቸው 35 ምዕራፎች ስምንቱን አገዱ፤ የሸቀጥ ዝውውር፣ ትራንስፖርት፣ ግብርና፣ ዓሣ ሀብትና የጉምሩክ ኅብረት ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ሌላውም ምዕራፍ ቢከፈት እንኳ ፕሮቶኮሉ በሥራ እስኪውል አይዘጋም ተባለ።

በእኔ እምነት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቀድመው መመለስ የነበረባቸው ጥያቄዎች ዝቅ ያሉት ናቸው። የመርከቧን የጭነት ዝርዝር ማን ይቀበላል? የሚፈትሸው መኮንን የማንን ደንብ ልብስ ይለብሳል? የወደብ ክፍያው በማን ሒሳብ ይገባል? ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ወደብ ላይ የቆመው ኮንቴይነር ምን ይሆናል?

ይህን ስናገር የእኛ ሰው ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ። በጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ኢትዮጵያና ሶማሊላንድ የተፈራረሙት የመግባቢያ ሰነድ ያን ሁሉ ቁጣ ያስነሣው ባሕር በርና ዕውቅና አብረው ስለተነሡ ነው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አንካራ ላይ፣ በቱርክ አሸማጋይነት፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ የተስማሙበት ቃል የባሕር መዳረሻው በሶማሊያ ሉዓላዊ ሥልጣን ሥር እንዲሆን ይላል። ኪራዩና ክሬኑ የመጡት ባለሙያዎች ኋላ እንዲነጋገሩበት ተብለው ነው። ቅደም ተከተሉ ከቆጵሮሱ ጋር አንድ ነው።

ወደ ደሴቲቱ ልመለስ፤ አንድ የሚሠራ ነገር አለና። የአረንጓዴው መስመር ደንብ፣ ቁጥር 866/2004፣ ሰሜኑን እንደ አገር የሚያስቆጥር ማኅተም ሳይኖር ዕቃ የሚያሳልፍ ወረቀት ፈጠረ። ወረቀቱን የሚሰጠው የቱርክ ቆጵሮሳውያን የንግድ ምክር ቤት ነው፤ ነጋዴዎች እንጂ መንግሥት አይደሉም። ዕቃው በሰሜኑ የተመረተ ወይም የመጨረሻውን እውነተኛ የማምረት ሥራ እዚያ ያገኘ መሆን አለበት። ድንችና ብርቱካን ከሆነ ኮሚሽኑ የሚመድባቸው ገለልተኛ ባለሙያዎች ያያሉ፤ ድንቹ በአባል አገር ከተመሰከረለት ዘር በቀጥታ የበቀለ፣ ብርቱካኑም ግንድና ቅጠል የሌለው መሆን አለበት። ሲያልፍ የጉምሩክ ቀረጥ የለውም።

ታዲያ ለምን ለብዙ ዓመታት በዓመት ከ10 ሚሊዮን ዩሮ በታች ሆኖ ቀረ? አንደኛ፣ የተቀነባበረ ምግብ በጤና ሥጋት ምክንያት ኬላው ላይ ይመለስ ነበር። የጭነት መኪናና የሹፌር ፈቃድ ሌላ እንቅፋት ነው፤ በሰሜኑ የተሰጠ የመኪና ምርመራ ወረቀት በደቡብ አይሠራም፣ ስለዚህ ጭነቱ መኪና ይቀይራል፣ ወጪው ይጨምራል። የእንስሳት ተዋጽኦ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ጨርሶ የተከለከለ ነበር፤ በኋላ ለዓሣና ለማር ብቻ ተፈቀደ። የደቡብ ሱቅ ባለቤትም የሰሜን ዕቃ መደርደሪያው ላይ ሲታይ ጎረቤቱ ምን ይለኛል ብሎ ይፈራል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ደንብ አይፈታውም።

በ2021 ኅብረቱ የደሴቲቱን አይብ፣ ግሪኮቹ ሃሉሚ ቱርኮቹ ሄሊም የሚሉትን፣ በሁለቱም ስም መዝግቦ ጥበቃ ሰጠው። ሰሜን ያለው አምራች ደንቡን መጠበቁን የሚመረምረው ቢሮ ቬሪታስ የተባለ የግል ድርጅት ነው፤ ያንን ሥራ ለሁለቱም ባለሥልጣናት መስጠት ስላልተቻለ። በዚያው ጊዜ አይቡ መስመሩን እንዲሻገር ሕጉ ተስተካከለ፤ ወተቱ የሚታለብበት እርሻ ግን መጀመሪያ የኅብረቱን የእንስሳት ጤና መስፈርት ማሟላት አለበት። የቀጥታ ንግዱ ረቂቅ ደንብ ከጁላይ 2004 ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው።