ገንፎው እንዳይዘገይ

እንደምን ዋላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አማቶች ከፊት በመቀመጣችሁ ደስ ብሎኛል፤ የዛሬው ወሬ እናንተንም ይነካል።

እኛ ጋ ሴት ስትወልድ ቤቱ በሰው ይሞላል። ገንፎው ይገነፋል፣ መሃሉ ተጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ይፈስበታል። አጥሚቱም ዶሮውም ይመጣል። ደስ የሚል ባህል ነው። ግን ያቺ ሴት ዘጠኝ ወር ሙሉ ምን በልታ ከረመች? ብዙውን ጊዜ ሁሉም በልቶ ሲነሳ የተረፈውን ፍትፍት የምትጎርሰው እሷ ናት።

በአዋላጅነቴ የማልረሳት አንዲት ልጅ አለች። ለክትትል መጣች። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ሳብ አድርጌ ሳየው ነጣ ብሏል። ደም አንሷታል። «እንቁላል ትበያለሽ?» አልኳት። ሳቀች። አራት ዶሮ አላት። እንቁላሉ ግን ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ ጨውና ዘይት ሆኖ ይመለሳል። «ደግሞ አማቴ ልጁ ይገዝፍብሻል ብላኛለች» አለችኝ።

እናቶቼ፣ ምጥ በእንቁላል አይጠናም። ይልቅ ሴት ልጅ በልጅነቷ ሳትጠግብ አድጋ ቁመቷ ካጠረ፣ ዳሌዋ ሊጠብና ምጡ ሊከብዳት ይችላል። ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ለመውለድ ያሰባችሁ ደግሞ እስክታረግዙ አትጠብቁ። የልጁ አንጎልና ህብለ ሰረሰር መሠረቱ የሚጣለው ፅንሱ በያዘ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ ብዙዋ ሴት ማርገዟንም አላወቀች። ስለዚህ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን የቫይታሚን ኪኒን ከማርገዛችሁ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ጀምሩ፤ በቀን 400 ማይክሮግራም። ጎመንና ምስር ጥሩ ናቸው፣ ኪኒኑን ግን አይተኩም።

ካረገዛችሁ በኋላ የምንሰጣችሁ አይረን፣ የደም ማነስ ኪኒኑስ? በነጠላ ጫፍ ተቋጥሮ የቀረ ስንት አይቻለሁ! ሰገራ ያጠቁራል፤ አትደንግጡ፣ ከኪኒኑ ነው። ካቅለሸለሻችሁ ማታ ከራት በኋላ ዋጡት። በቡናና በሻይ ግን አይሆንም፤ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዱታል። ቡናችሁን አልከለክልም (እኔም ያለሷ አልውልም)፣ ብቻ ከምግቡና ከኪኒኑ አንድ ሁለት ሰዓት አርቋት። ምስር ወጡ ላይ ሎሚ ጠብ ይደረግበት። ጨዋችሁ አዮዲን ያለው ይሁን፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

ጾሙን በተመለከተ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ሙስሊም እህቶቼም፣ ለራሳችሁ ወይም ለፅንሱ ከፈራችሁ ሃይማኖታችሁ ጾሙን ለሌላ ጊዜ ማቆየት ይፈቅድላችኋል።

አባወራዎች፣ ነፍሰ ጡር በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፣ ስታጠባ ሁለት። ከአራቱ ዶሮ የአንዷ እንቁላል ቤት ይቅር።

ይኸው ገንፎው ደርሷል። ዛሬ አራስ የለችንም፤ ነፍሰ ጡሮች ቅረቡ። አማቶች፣ እስቲ እናንተ አቅርቡላቸው።