«እኔ ጋ ይሠራል»

እንደምን አመሻችሁ። የማናግራችሁ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። ሐሩሩ በረድ ብሏል፤ ድምፁ እንዳይረብሻችሁ ማራገቢያውን አጥፍቻለሁ። ዛሬ ስለ አንድ ደረሰኝ ላወራችሁ እፈልጋለሁ።

መጋላ ውስጥ ላለች አንዲት መድኃኒት ቤት የክምችትና የሽያጭ መመዝገቢያ ፕሮግራም ሠርቻለሁ። ዊንዶውስ ላይ የሚጫን፣ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ሥራውን የማያቆም ፕሮግራም ነው። ለረጅም ጊዜ እያንዳንዱን አዲስ እትም ያዘጋጀሁት በዚሁ ላፕቶፕ ነበር። ኮዱን አጠናቅራለሁ፣ ማለትም ኮምፒውተር ወደሚያስኬደው ፋይል እለውጠዋለሁ፣ መጫኛውን እሠራለሁ፣ በፍላሽ ይዤ እሄዳለሁ። የሥራው ቅደም ተከተል የትም አልተጻፈም፤ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን ከተማው ከቀትር ዕረፍቱ ሲነቃ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ደወለችልኝ። ደረሰኙ ላይ የመድኃኒቱ ስም መውጣት በነበረበት ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሯል። ላፕቶፔን ከፍቼ ሞከርኩ፤ «አሞክሳሲሊን» አንድ ፊደል ሳይጎድለው ወጣ። «እኔ ጋ ይሠራል» አልኳት። የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፣ እሷም ሳትቆጣ «አንተ ልጅ፣ እኔ መድኃኒት የምሸጠው በአንተ ኮምፒውተር ነው እንዴ?» አለችኝ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሚውጠው መድኃኒት በጥያቄ ምልክት የተጻፈበትን ወረቀት ይዞ ወደ ቤቱ የገባ ሕመምተኛ አለ ማለት ነው።

ጥፋቱ የተገኘው ግንባታውን፣ ማለትም ከኮዱ መጫኛውን የመሥራቱን ሥራ፣ ከላፕቶፔ ለማውጣት ስነሣ ነው። የመረጥኩት ጊትሃብ አክሽንስን ነበር፤ ይህን ሥራ በራሱ የሚያከናውን የኢንተርኔት አገልግሎት ነው። ከኮዱ ጋር አንድ አጭር የትእዛዝ ፋይል ይቀመጣል። አዲስ ኮድ በላክሁ ቁጥር ሩቅ ቦታ አንድ አዲስ የዊንዶውስ ኮምፒውተር ይነሣል። ኮዱን ያወርዳል፣ ላይብረሪዎቹን፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸውን ዝግጁ ኮዶች፣ ይጭናል፣ ያጠናቅራል፣ ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ሙከራዎች ያካሂዳል፣ መጫኛውን ሠርቶ ያስረክባል። ከዚያ ያ ኮምፒውተር እንዳልነበረ ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ሥራ ሌላ አዲስ ይመጣል። ስለ እኔ ላፕቶፕ የሚያውቀው አንዳች ነገር የለም፤ ጥቅሙም ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ግንባታ ወደቀ፤ ከዓመታት በፊት በእጄ ጭኜ የረሳሁት ላይብረሪ ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛው በትእዛዝ ፋይሉ ውስጥ በአንድ ትርፍ ባዶ ቦታ ምክንያት ወደቀ። ሦስተኛው ተጠናቀረ፣ ሙከራው ላይ ግን ቆመ። የመድኃኒት ስም በግዕዝ ፊደል ወደ ፋይል ጽፎ መልሶ የሚያነበው ሙከራ፣ ያነበበው የጥያቄ ምልክት ነበር። የእሷ ደረሰኝ!

ፕሮግራሙ የተጻፈው በዶትኔት ፍሬምዎርክ፣ በማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያ፣ ነው። ፋይሉን ስጽፍ የተጠቀምኩት የኮምፒውተሩን ነባሪ የፊደል አቀማመጥ፣ ማለትም ፊደላት በፋይል ውስጥ በቁጥር የሚቀመጡበትን ሥርዓት፣ ነበር። በተለመደው የእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ ይህ አቀማመጥ የእኛን ፊደል አያውቅም፤ የማያውቀውን ደግሞ ስህተት መኖሩን ሳይናገር በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። እኔ ላፕቶፔ ላይ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን፣ የእኛንም ፊደል የሚያውቀውን አቀማመጥ፣ ድሮ አብርቼ ረስቼዋለሁ። ፊደላችን ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ፣ በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ቁጥር ሥርዓት፣ ውስጥ አለ፤ ጉድለቱ የእኔ ነበር። ማረሚያው አንድ መስመር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ የምፈራውን ሁሉ ሙከራ አድርጌ እጽፋለሁ። ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ በአውሮፓውያን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት። ጳጉሜ ሁልጊዜ 5 ቀን ናት ብሎ የሚያስብ ፕሮግራም እዚያ ላይ ይወድቃል። የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ለሚቆጥር መድኃኒት ቤት የአንድ ቀን ስህተት ቀላል አይደለም። ቀጣዩ ጳጉሜ 6 በ2019 ይመጣል፣ እኔም ከአሁኑ ሞክሬዋለሁ።

መጫኛው ከእኔ መምጣቱን የሚያረጋግጠው ዲጂታል ፊርማ ብቻ አሁንም በእጄ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 2023 ጀምሮ የፕሮግራም መፈረሚያ ቁልፍ በልዩ መሣሪያ ውስጥ እንዲጠበቅ ግዴታ ሆኗል፤ የእኔም ቁልፍ መሳቢያ ውስጥ ያለች ትንሽ የዩኤስቢ መሣሪያ ላይ ነው። ይህ አያስከፋኝም። በስሜ የሚወጣውን ነገር አንድ ጊዜ ቆም ብዬ ማየት እወዳለሁ።

ደግሞም ያ ሩቅ ኮምፒውተር ማተሚያ የለውም። ስለዚህ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር፣ ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይዋ ሳትበረታ ወደ መጋላ እወርዳለሁ። አንድ ደረሰኝ እናትማለን። ባለቤቷ መነጽሯን ታጠልቅና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነበዋለች፣ እኔም አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ።