ለምን ተጨመረ?
የዓለም ትምባሆ የማይጨስበት ቀን ሲከበር በጤና ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ነጭ ጋዋን ገና ዘንድሮ የለበሳችሁ ተማሪዎች፤

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ትምባሆና ጤና» የሚል ነው። በዚህ ቀን በየዓመቱ የምንባባለውን ደግሜ ብነግራችሁ እናንተም ትሰለቻላችሁ፣ እኔም እሰለቻለሁ። ቁጥሩን ታውቁታላችሁ። ትምባሆ በዓመት ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ይገድላል፤ ከነዚህ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጡት በሕይወታቸው ሲጋራ ይዘው የማያውቁ፣ የሌላ ሰው ጭስ የጨረሳቸው ናቸው። እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ያገናኘውን ጥናታቸውን ያሳተሙት በ1950 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ተማሪዎች እንዳትደናገሩ።) የአሜሪካው የሕዝብ ጤና ሹም ሉተር ቴሪ ስለ ማጨስ ጉዳት ሪፖርታቸውን ያወጡት በ1964 ነው። ማጨስ ይገድላል ወይስ አይገድልም የሚለው ክርክር ከብዙዎቻችሁ መወለድ በፊት አልቋል።

እኔ የመጣሁት ላላለቀው ነው። ትምባሆ ላይ ስለሚጨመሩት ነገሮች ልናገር ነው የመጣሁት፤ ንዴቴንም ይዤ ነው የመጣሁት፤ ቀድሜ ልንገራችሁ።

እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ያን የትምባሆ ቁጥጥር ረቂቅ መመሪያ ስብሰባ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ትምባሆ ላይ ስለሚጨመሩ ንጥረ ነገሮች በሚደነግገው አንቀጽ ላይ ሐሳብ ስጡ ተብለን ተጠርተን ነበር። ከፊት ለፊታችን የአንድ አምራች ተወካይ ተቀምጠው ነበር፤ አለባበሳቸው ያማረ፣ አንደበታቸው የጣፈጠ፣ ማንንም የማያስቀይሙ ሰው። ተራቸው ሲደርስ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡና ቀስ ብለው ማንበብ ጀመሩ። «ስኳር።» ቀና ብለው አዩን። «ኮኮዋ።» እንደገና አዩን። «ማር። ቫኒላ። የሊኮሪስ ሥር። ሜንቶል።» ወረቀቱን አጥፈው አስቀመጡና፣ «እንግዲህ ክቡራን፣ መርዝ የምትሉት ይኼ ነው? ይኼን እኮ ለልጆቻችሁ በልደታቸው ቀን በኬክ ታበሏቸዋላችሁ» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ሳቁ። ጸሐፊው ሳይቀር ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። ከሻይ ዕረፍት በኋላ አንቀጹ ተሻሽሎ ቀረበ፤ «ለምግብነት የተፈቀዱ ንጥረ ነገሮችን ሳይጨምር» የሚል ሐረግ ተሰክቶበት ነበር። በአንድ ቀልድ፣ በአንድ ስኒ ሻይ፣ አንቀጹ ሞተ።

እጄን አንሥቼ የጠየቅሁትን የሰማችሁት ሰምታችኋል። ላልሰማችሁት ልድገመው። ክቡር ሆይ፣ ሲጋራ የሚበላ ሰው ያውቃሉ?

ማንም አይበላውም! ይነደዳል። አጫሹ ጭሱን ሲስብ የሲጋራው ጫፍ ሙቀት እስከ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በዚያ እሳት ውስጥ ስኳር ስኳር ሆኖ አይቀርም፤ አሲታልዲሃይድ፣ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን የሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎች ይወጡታል። ትምባሆው እንዳይደርቅ የሚጨመረው ግሊሰሮል ለኬክ ምንም አይል ይሆናል፤ ሲጋል ግን እርሱም አክሮሊን ይሰጣል። አክሮሊን ደግሞ የአየር ቧንቧን የሚያጥቡትን ጥቃቅን ፀጉሮች የሚያሽመደምድ ጋዝ ነው። የበላነው ነገር ጨጓራ ያገኘዋል፣ ጉበት ያገኘዋል፤ ደም ውስጥ በሰፊው ከመግባቱ በፊት ይፈተሻል። የተነፈስነው ግን ፈታሽ የለውም። ኒኮቲን ከአፍ እስከ አንጎል ለመድረስ አሥር ሰከንድ ያህል ይበቃዋል።

ከትምባሆ ውጭ ሁለት ማስረጃ ልስጣችሁ፤ ሁለቱም ሰው የተጎዳበት ጉዳይ ነው፣ የላቦራቶሪ ወግ አይደለም። ዳያሴቲል የሚባል የቅቤ ጣዕም ሰጪ አለ፤ ለምግብ የተፈቀደ። በ2000 በአሜሪካ ሚዙሪ ግዛት፣ ጃስፐር በምትባል ከተማ፣ በማይክሮዌቭ የሚበስል ፈንዲሻ ከሚያዘጋጅ ፋብሪካ የወጡ ስምንት የቀድሞ ሠራተኞች ሳንባቸው ተበላሽቶ ተገኘ። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች በጠባሳ ተዘግተዋል፤ የማይመለስ በሽታ ነው። ሠራተኞቹ ያንን ቅቤ አልበሉትም፤ ተነፈሱት። ሁለተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። ቫይታሚን ኢ አሲቴት በክኒን ይዋጣል፣ በቅባት ይቀባል፤ እንዲህ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አይጎዳም። በ2019 ግን በኤሌክትሮኒክ ማጨሻ በሚሳብ የካናቢስ ዘይት ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በአሜሪካ ብቻ እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2,800 በላይ ሰዎች ሆስፒታል ገቡ፤ 68ቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። አሁንም «ለምግብነት የተፈቀደ» የሚለኝ ካለ ይነሣና እነዚያን 68 ቤተሰቦች ኬክ ያብላቸው!

ግን ልብ በሉልኝ፤ «ይህ ይመርዛል፣ ያኛው አይመርዝም» እያልን አንድ በአንድ ከቆጠርን አሁንም የእነርሱን ጨዋታ ነው የምንጫወተው። በሚያዝያ 1994 የአሜሪካ ትልልቅ ሲጋራ አምራቾች የሚጨምሯቸውን ነገሮች ዝርዝር ይፋ አደረጉ፤ 599 ነበሩ። በዚያው ወር የሰባት ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች በኮንግረስ ኮሚቴ ፊት ቆመው፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተው፣ ኒኮቲን ሱስ እንደሚያስይዝ አናምንም ብለው ማሉ። አምስት መቶ ዘጠና ዘጠኙን አንድ በአንድ ስንመረምር ዕድሜያችን ያልቃል፤ በየዓመቱም ስድስት መቶኛው ይመጣል። ጥያቄው «መርዝ ነው ወይ?» ከሆነ ተሸንፈናል። ጥያቄው «ለምን ተጨመረ?» ነው። የማንም ፋብሪካ ገንዘቡን አውጥቶ የማይጠቅመውን ነገር አይጨምርም።

ሜንቶልን፣ ያንን ከናና ቅጠል የሚገኘውን የቅዝቃዜ ስሜት ሰጪ፣ እንውሰድ። በሙያዬ ብዙ ያስተማረኝ እርሱ ነው።

አንድ ታካሚ ነበሩኝ፤ ኑሯቸው በድምፃቸው ነበር፤ በሬዲዮ ዜና ያነቡ ነበር። ገና በጎልማሳነታቸው ሳል ይጀምራቸዋል። ዜና አንባቢ ማይክሮፎን ላይ ቢያስል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንድ ወዳጃቸው «ሜንቶሉን አጭስ፤ ጉሮሮ ያለሰልሳል» ይላቸዋል። ይቀይራሉ። ሳሉ ይተዋቸዋል! ደስ አላቸው፤ ለሰውም መከሩ፤ እንዲያውም ስለማያቃጥላቸው በቀን የሚያጨሱትን ጨመሩ። ከዓመታት በኋላ እኔ ዘንድ ሲመጡ ደረጃ መውጣት አቅቷቸዋል፤ ዓረፍተ ነገር የሚጨርሱት በሁለት ትንፋሽ ነው። የትንፋሽ መለኪያውን ውጤት አይቼ ሲጋራውን ሳነሣባቸው ተቆጡኝ። «ዶክተር፣ እኔ እኮ ሳል የለብኝም! ያመመው ሰው ያስል የለም እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አያስሉም ነበር። ነገሩን ላስረዳቸው ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሜንቶል የሚያደርገው ቅዝቃዜ የሚሰማውን የነርቭ መቀበያ መንካት ነው። አፍና ጉሮሮ ቀዝቃዛ አየር የገባ ይመስላቸዋል፤ የጭሱ ቃጠሎ አይሰማም፤ ሳሉም ይጠፋል። ሳል ደግሞ የሳንባ ዘበኛ ነው። ሜንቶል ሌባውን አላባረረም፤ ዘበኛውን ነው ያስተኛው። ሰውየው ጭሱን በጥልቀት ሳቡት፣ ብዙ ሳቡት፣ ለብዙ ዓመት ሳቡት። ይህን ከነገርኳቸው በኋላ ዝም አሉና፣ «ታዲያ ይኼን የሚያደርጉት እያወቁ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

ለተማሪዎች ይህን ጥያቄ አሳልፌ እሰጣለሁ። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ።

ሜንቶል ሳንባን ራሱ ባያቃጥልም፣ የሚያቃጥለውን ነገር ያስገባል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያጨስ ልጅ ሲያስለው፣ ሲያቅለሸልሸው፣ ሰውነቱ «ተው!» እያለው ነው። ያ ትውከትና ያ ሳል ስንቱን ልጅ ከሱስ አድኗል! ማጣፈጫው የተጨመረው ያንን «ተው» ለማፈን ነው። በስሙ ሜንቶል ያልሆነ ሲጋራ ውስጥም ቢሆን ሜንቶል በጥቂቱ ይገኛል፤ ፓኮው ላይ አይጻፍም፣ አጫሹም አይቀምሰውም። ለጣዕም ካልሆነ ለምን ተጨመረ? በቅርብ ዓመታት ደግሞ ፊልተሩ ውስጥ በጣት ሲጫኗት የምትፈነዳ ትንሽ እንክብል መጥታለች፤ አንዷ የፍራፍሬ፣ አንዷ የናና ጣዕም ትለቃለች። ሠላሳ ዓመት ያጨሰ ሰው እንክብል ማፈንዳት አይፈልግም። ለማን ነው?

አሞኒያም እንዲሁ ነው። የአሞኒያ ውሕዶች የጭሱን አሲድነት ይቀንሳሉ፤ ያን ጊዜ ኒኮቲኑ ከጨውነቱ ይላቀቅና በቀላሉ ወደ ደም ያልፋል። ስኳሩ ደግሞ ሻካራውን ጭስ ያለዝባል፤ በዚያ ላይ ከስኳር የሚወለደው አሲታልዲሃይድ የኒኮቲንን ሱስ አስያዥነት እንደሚያጎላ በአይጥ ላይ የተሠሩ ሙከራዎች ይጠቁማሉ። ስለ ኮኮዋ ግን አንድ ነገር ላርም፤ ከእኛ ወገን የሚነገር ስሕተት ነውና። በኮኮዋ ውስጥ ያለው ቲኦብሮሚን የአየር ቧንቧ ያሰፋል ተብሎ በየመድረኩ ይወራል። ሲጋራ ውስጥ ያለው መጠን ለዚያ በጣም ትንሽ ነው። የኮኮዋው ሥራ ጣዕምና ሽታ ማሳመር ነው፤ ወንጀሉ ለብቻው ይበቃዋል፣ ሌላ አንጨምርበት።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው በኩል ያለውን ሽወዳ ስሙ። ሰዎች ስለ ተጨማሪ ነገሮች ማውራት ሲጀምሩ ገበያው ምን አመጣ? «ምንም ያልተጨመረበት፣ ተፈጥሯዊ ትምባሆ»! ፓኮውን አረንጓዴ አደረጉት፤ ቅጠል ሣሉበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2015 ለእንዲህ ዓይነት ምርቶች አምራቾች የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እስኪጽፍ ድረስ ስንት ሰው ጤናማውን የመረጠ መስሎት አጨሰ። ቅጠሉ እኮ ራሱ በቂ ነው! ናይትሮሳሚን የሚባሉት ካንሰር አምጪዎች የሚፈጠሩት ቅጠሉ ሲደርቅና ሲብላላ ነው። ጨረር አመንጪው ፖሎኒየም 210 እና መርዛማው ብረት ካድሚየም ተክሉ ከአፈርና ከአየር የሚሰበስባቸው ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ማንኛውም ቅጠል ሲነድ ይወጣል። በጭሱ ውስጥ ካሉት ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው፤ ብዙዎቹም ማንም ባይጨምራቸው የሚገኙ ናቸው። ገዳዩ ትምባሆው ነው። የተጨመሩት በር ከፋቾች ናቸው። በር ከፋቹን ስላሰናበቱ ገዳዩ ጻድቅ አይሆንም!

ፊልተርን ሳላነሣ ብቀር የቀድሞ መምህሮቼ ይወቅሱኛል። ከ1952 እስከ 1956 ኬንት የተባለው ሲጋራ ጤና ይጠብቃል እየተባለ በተዋወቀ ፊልተር ተሽጧል፤ ፊልተሩ ውስጥ አስቤስቶስ ነበረበት። ቀጥሎ «ላይት»፣ ማለትም ቀላል የተባለው ሲጋራ መጣ። በፊልተሩ ዙሪያ ጥቃቅን ቀዳዳ በስተው የኒኮቲንና የታር መለኪያ ማሽኑን አታለሉት፤ ሰው ግን ቀዳዳዎቹን በጣቱና በከንፈሩ እየደፈነ፣ አጥብቆም እየሳበ ኒኮቲኑን አላጣም። ታሩንም፣ ያንን የጭሱን ጥቁር ዝቃጭ፣ እንዲሁ። በ2006 የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ግላዲስ ኬስለር አምራቾቹ ሕዝብ ማታለላቸውን በፍርድ አረጋግጠዋል።

ሕጉን በአጭሩ። በ2005 ሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በአንቀጽ 9 እና 10 የምርቱን ይዘት መቆጣጠርንና ይፋ ማስደረግን ይጠይቃል። ካናዳ በ2017፣ የአውሮፓ ኅብረት በግንቦት 2020 ሜንቶል ሲጋራን ከልክለዋል። አሜሪካ በ2009 ማጣፈጫ ያለበትን ሲጋራ ሁሉ ስትከለክል ሜንቶልን ለብቻው ማረችው። በ2022 ለመከልከል የቀረበው ረቂቅ በጥር 2025 እንዲቀር ተደረገ። ከረሜላው ተከለከለ፣ ቅርንፉዱ ተከለከለ፤ ብዙ የሚሸጠው ሜንቶል ሳይከለከል ቀረ። የአጋጣሚ ነገር ነው የሚለኝ ካለ ከዚያ ስብሰባ የኬክ ወሬ ጋር ይቀመጥ!

የሚመለከተው ክፍል ያን ረቂቅ ዳግመኛ ሊያየው እንደሆነ ሰምተናል። የምጠይቀው አንድ ነው፤ «ለምግብነት የተፈቀዱ ንጥረ ነገሮችን ሳይጨምር» የሚለው ሐረግ ይሠረዝ። በምትኩ ማጨስን የሚያቀል፣ ጭስን የሚያለዝብ ወይም ጣዕም የሚሰጥ ማንኛውም ነገር ይከልከል፤ የማይጎዳ መሆኑን የማስረዳት ሸክምም በአምራቹ ላይ ይሁን። አስተያየቱን ጽፌ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ የተስማማችሁ ስማችሁንና ሙያችሁን ጻፉበት።

ታካሚ ስትቀበሉ «ታጨሳለህ ወይ?» ብላችሁ አትለፉ፤ የትኛውን እንደሚያጨስ፣ ለምን ያንን እንደመረጠም ጠይቁ። ስለ ኤሌክትሮኒክ ማጨሻው ብዙ የምለው ነበረኝ፤ ሰዓቱ አልፏል። ስለ ማቋረጫ መድኃኒቶቹም ከእኔ ቀጥላ የምትናገረው ባልደረባችን የበለጠ ታውቃለች፤ መድረኩን ለእርሷ እለቃለሁ። አመሰግናለሁ።