“መቀበሌን እየገለጽኩ”

እሺ… እየቀዳ ነው። እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የስንብት ደብዳቤን ነበር የያዝነው፤ እሱን ለሚቀጥለው እናቆየው። ባለፈው ስለ ሥራ መቀበያ ደብዳቤ ስናወራ ያነበብኩላችሁ ዓረፍተ ነገር አልለቀቀኝም። ሥራ ቀርቦላት መቀበሏን የጻፈችውን የሒሳብ ባለሙያ ታስታውሳላችሁ። “እንዴት ያለ ትህትና ነው” ብዬ ያለፍኩት። አሁን ደግሜ ላንብበው፣ ቀስ ብዬ።

“የቀረበልኝን የሒሳብ ባለሙያነት የሥራ መደብ በታላቅ ደስታ መቀበሌን እየገለጽኩ፣ የትራንስፖርት አበሉ እንዲስተካከልልኝ በታላቅ ትህትና እጠይቃለሁ።”

ጨዋ ነው፤ ስድብ የለበትም፣ ድፍረት የለበትም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ በዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው የሚጽፈው። ግን ማሰሪያ አንቀጹን፣ ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ ማለቴ ነው፣ ፈልጉት። “መቀበሌን እየገለጽኩ” ማሰሪያ አይደለም፤ መንገድ ላይ ያለ ነገር ነው፣ እግረ መንገዱን የተነገረ። ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው “እጠይቃለሁ” ነው። እና አማርኛ ደግሞ ሸክሙን መጨረሻ ላይ ነው የሚያወርደው። ስለዚህ የመቀበያ ደብዳቤ ልትጽፍ ተቀምጣ፣ ጽፋ የተነሳችው ማመልከቻ ነው።

ይሄ የእሷ ጥፋት አይመስለኝም። ደብዳቤ አጻጻፍ ስንማር መጀመሪያ የምንማረው ማመልከቻ ነው። ፈቃድ፣ ዝውውር፣ ቅሬታ፣ ድጋሚ ካርኒ… ሁሉም “በትህትና እጠይቃለሁ”፣ “በማክበር አመለክታለሁ” እያለ ያልቃል። “አዎ፣ እሺ፣ ተስማምቻለሁ” የሚል ደብዳቤ ማን አስተማረን? ስለዚህ እጃችን ሲለምን ነው የሚቀለው። የሚሰጠን ሰው ፊት እንኳ ቆመን እንለምናለን።

ምንም አይደለም፣ ቀጣሪው ይገባዋል ትሉኛላችሁ። ብዙ ጊዜ ይገባዋል። ግን እኔን ያሳሰበኝ ሕጉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ስለ ውል በጠቅላላው የሚናገረው ክፍል፣ አንቀጽ 1694፤ በራሴ ቃል ልበላችሁ፦ የቀረበለትን ሐሳብ እንደቀረበለት ሳይሆን ለውጥ አድርጎበት ወይም ቅድመ ሁኔታ አስገብቶበት የተቀበለ ሰው፣ እንዳልተቀበለ ነው የሚቆጠረው። የጻፈው አዲስ ሐሳብ ይሆናል። ኳሷ ወደ ቀጣሪው ትመለሳለች ማለት ነው። ቀጣሪው አሁን እሺ የማለትም፣ ዝም የማለትም፣ ለሌላ ሰው የመስጠትም ነፃነት አለው። እና ዝም ቢል? አንቀጽ 1682፦ ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም።

እስቲ አስቡት። “በታላቅ ደስታ” ብላ ጽፋ፣ አለመቀበል ሊሆንባት።

ሊሆንባት ነው ያልኩት። የግድ ይሆናል አላልኩም። “እንዲስተካከልልኝ እጠይቃለሁ” ማለት “ካልተስተካከለ አልገባም” ማለት ነው ወይስ “ብትችሉ ደስ ይለኛል” ማለት? ዓረፍተ ነገሩ አይለይም። ሁለቱንም ይሆናል። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ የምትፈልገውን የምታውቀው እሷ ብቻ ነች፣ ደብዳቤው አያውቅም።

ስለዚህ ከመጻፍ በፊት፣ ያ ጥያቄ የቱ ዓይነት እንደሆነ ለራስ መመለስ ያስፈልጋል። ካልተሟላልኝ አልገባም የምትሉት ነገር ከሆነ፣ የመቀበያ ደብዳቤ ገና አይጻፍም። መጀመሪያ ለብቻው አጭር ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ይላካል፦ “ውሳኔዬን ከማሳወቄ በፊት ስለ ትራንስፖርት አበሉ መነጋገር እፈልጋለሁ።” እዚያ ውስጥ “ተቀብያለሁ” የሚል ቃል አይገባም። ቀጣሪው “እስከዚህ ቀን አሳውቁን” ብሎ ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 1690 ሐሳብ አቅራቢውን እስከዚያ ቀን ያስረዋል፤ አምስት ቀን ከሰጧችሁ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ቀን ጠይቁ፣ መልሱን አግኝታችሁ የምትወስኑበት ጊዜ እንዲተርፍ። በአምስተኛው ቀን አመሻሹ ላይ መጠየቅ ሁለቱንም ያሳጣችኋል።

እንዲሁ ምኞት ከሆነ፣ ተቀበሉና ዝም በሉ። ሥራ ከገባችሁ በኋላ፣ የሙከራ ጊዜው ካለቀ በኋላ፣ አንሱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው፤ በቀድሞው አዋጅ 45 ቀን ነበር፣ አሁንም በ45 የሚያስቡ ሰዎች አሉ።

ግልጽ ያልሆነ ነገር ብቻ ከሆነ፣ ማለት አበሉ ደመወዙ ውስጥ ነው ወይስ ከደመወዙ ውጭ የሚለው ዓይነት፣ እሱ ከመቀበሉ በፊት ይጠየቅና መልሱ ደብዳቤው ላይ ይሰፍራል። “በደብዳቤያችሁ እንደተገለጸው ያልተጣራ የወር ደመወዝ 32,000 (ሠላሳ ሁለት ሺህ) ብር” ብላችሁ። በአኃዝም በፊደልም። ያልተጣራ የሚለውን አትርሱ። ከዚያ ላይ 7 በመቶ ጡረታ፣ 2,240 ብር፣ ይነሳል፤ የሥራ ግብሩም አለ። በስልክ “ሠላሳ ሁለት ሺህ” የተባለውን በእጅ የሚገባ አድርጎ የሰማ ሰው፣ የመጀመሪያው ደመወዝ ዕለት ተታለልኩ ነው የሚለው፤ ያታለለው ግን የለም።

…ወደ እሷ ልመለስ። እንዴት ትጻፈው? ማሰሪያውን ወደፊት ማምጣት ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሌላ ምንም ሥራ አይሰጠው፦

“በቁጥር ይሄን ያህል፣ በዚህ ቀን በተጻፈ ደብዳቤ ያቀረባችሁልኝን የሒሳብ ባለሙያ የሥራ መደብ፣ በደብዳቤው በተገለጹት ሁኔታዎች መሠረት በደስታ ተቀብያለሁ።”

አራት ነጥብ። እዚያ ላይ አራት ነጥብ። ከዚያ ምስጋናው በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ይምጣ፣ የሚጀመርበት ቀን በሦስተኛው። “በደብዳቤው በተገለጹት ሁኔታዎች መሠረት” የሚለውን እወደዋለሁ፤ ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም ማለት ነው።

ደግሞ “ተቀብያለሁ” ነው እንጂ “እቀበላለሁ” አይሁን። “እቀበላለሁ” ነገም ሊሆን ይችላል። “ለመቀበል ዝግጁ ነኝ” ደግሞ… ይሄን ስንት ቦታ አየሁት መሰላችሁ። ዝግጁ መሆን መቀበል አይደለም። ጫማ አስሮ በር ላይ መቆም ነው፤ አልወጣችሁም። “ባይገባኝም ስላከበራችሁኝ” የሚለውም እንዲሁ። ይሄ ለሽልማት ንግግር ያምራል። ሊቀጥራችሁ የወሰነ ኮሚቴ ፊት “አይገባኝም” ማለት ግን ውሳኔያቸውን መንቀፍ ነው።

አናቱ ላይ፣ በስተቀኝ ቀን። ከዚያ ለማን፣ ከተማው ከሥሩ ይሰመርበታል። “ጉዳዩ፦ የሥራ ቅጥር ሐሳብ ስለመቀበል” ይባል፤ “ሥራን ይመለከታል” ከተባለ መዝገብ ቤቱ ከማመልከቻዎቹ ጋር ይደረድረዋል፣ እና ከማመልከቻ ጋር የተደረደረ ነገር ቀን አይቆጠርለትም። በሁለት ኮፒ ውሰዱት። አንዱን እነሱ ይይዛሉ፣ በሌላው ላይ ቀን ጽፈው ፈርመው፣ ማኅተም ካላቸው መትተው ይመልሱላችሁ። ያ ወረቀት ነው ዋናው። እናንተ የግልባጭ ሰዎች፣ አውቃለሁ እየጠበቃችሁኝ ነው፤ እዚህ ግልባጭ አያስፈልግም። ደብዳቤው የአንድ ሰውና የአንድ መሥሪያ ቤት ነው።

የምትጀምሩበት ቀን ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ነገር የሚበላሽበት እሱ ስለሆነ። አሁን ሥራ ላይ ያላችሁ ከሆነና የሙከራ ጊዜ ካለፋችሁ፣ 30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባችሁ። ሳይሰጡ መውጣት እስከ 30 ቀን ደመወዝ ሊያስከፍል ይችላል። የኛ ወር ሁሉ 30 ስለሆነ ሂሳቡ ደስ ይላል፤ ጥቅምት 6 ያስገባ ሰው ኅዳር 6 ይሞላለታል። ጳጉሜን ላይ ግን ይዛባል። ነሐሴ 10 ያስገባ መስከረም 10 አይደለም፣ መስከረም 5 ነው የሚሞላለት፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት መስከረም 4። አዲሱ መሥሪያ ቤት የውጭ ድርጅት ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ቀን ጻፉ። ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ኦክቶበር 11 ቀን 2025 ነው። ኦክቶበር 1ን በልቡ ይዞ “ጥቅምት 1” ብሎ የጻፈ ሰው አሥር ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። ሰዓትም እንዲሁ፣ “ከጠዋቱ 2፡30” ብሎ “ከጠዋቱ” የሚለውን ሳይጥሉ።

እና የድሮውን ሥራ ለመልቀቅ ደብዳቤ የምታስገቡት አዲሱ ተፈርሞ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው። በፊት አይደለም። በፍጹም በፊት አይደለም።

ስም… ስም ላይ አንድ ነገር። በአማርኛ “ለወይዘሮ እገሊት” ብለን በራሷ ስም ነው የምንጠራት። ያው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ በአባቷ ስም የሚጠራት አለ፤ አባትየውን ነው የጠራው። ወይዘሮ ወይስ ወይዘሪት መሆኗን ካላወቃችሁ ደግሞ የሥራ መጠሪያዋን ብቻ ጻፉ፦ “ለሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ”። ማንንም አያስቀይምም።

እንዴት እዚህ ደረስኩ? አዎ፣ አለመለየት። ስለ ዓረፍተ ነገሯ ሳስብ የመጣብኝ ሌላ ነገር አለ። እኛ ቤት እሺ ማለት ቶሎ አይደረግም። ማዕድ ላይ “ብሉ” ሲሉን “አይ በቃን” እንላለን፣ “በሞቴ” እስኪመጣ። ሽማግሌ ተልኮ “ልጃችሁን ለልጃችን” ሲባል፣ ልቡ ውስጥ ደስ ያለው አባት እንኳ “ዘመድ እናማክር” ብሎ ሌላ ቀን ይቆርጣል። ያኔ ወዲያው “እሺ” ቢል ልጁን ያቀለለ ይመስላል። መዘግየቱ ክብር ነው፣ የልጅቷ ክብር። ይሄ የሚያምር ነገር ነው። እንዲጠፋ አልፈልግም። ደብዳቤ ላይ ግን ይሄው ክብር “ወላወለ” ሆኖ ይነበባል። በፊት ለፊት ሲሆን ዓይን አለ፣ ፈገግታ አለ፣ ሽማግሌዎቹ እየወጡ “አለቀልን” ይባባላሉ። ወረቀት ፈገግ አይልም።

የሠርግ ጥሪም ያው ነው። አገር ቤት “እንመጣለን” ማለት በቂ ነው፣ ድስቱ ሰፊ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ለንደን አዳራሽ በየሳህኑ ሲከፈል ግን፣ “ከነቤተሰብዎ” የሚለው ጥሪ ስንት ሰው እንደሆነ ማንም አያውቅም። ስለዚህ የሚመልሰው ሰው ይቁጠር፦ “የሠርጋችሁን ጥሪ በታላቅ ደስታ ተቀብለናል። እኔና ባለቤቴ፣ ከ6 ዓመት ልጃችን ጋር እንገኛለን። አንዳችን የጾም ምግብ ነው የሚመገበው።” ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ምግብ። “እግዚአብሔር ቢፈቅድ” ወይም “ኢንሻአላህ” ማለት ይቻላል፣ እሱ ቅድመ ሁኔታ አይደለም፣ አብሮን የሚኖር ቃል ነው። “እንሞክራለን” ግን አይባል። “እንሞክራለን” በአማርኛ “አንመጣም” ማለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንበር ይዘውለት የሚጠብቁ ሙሽሮች ግን አሉ። ክርስትና አባት ወይም እናት ሁኑልን ስትባሉ ደግሞ በጽሑፍ ብቻ አትመልሱ፤ ደውሉ። እሱን በወረቀት መቀበል ይቀዘቅዛል።

እና አሁንም ተመልሼ… ትናንት ማታ ዓረፍተ ነገሯን ሳልቆርጠው ላድነው ሞከርኩ። ሁለቱንም ሐሳብ ይዞ፣ ማሰሪያው ግን መቀበሉ እንዲሆን። ገለበጥኩት፦ “የትራንስፖርት አበሉ እንዲስተካከልልኝ የማቀርበው ጥያቄ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የሥራ መደቡን በታላቅ ደስታ መቀበሌን እገልጻለሁ።” ሲነበብ እንዴት ያምራል። ማሰሪያው “እገልጻለሁ” ሆነ።

ግን “እንደተጠበቀ ሆኖ” የሚለው ራሱ ቅድመ ሁኔታ ነው። ከመጀመሪያው ይብሳል። የመጀመሪያው ቢያንስ ለትርጉም ክፍት ነበር፣ ይሄኛው ጥያቄዬን አልተውኩም ብሎ ይናገራል።

“ተስፋ በማድረግ” ቢባልስ? “…እንደሚስተካከል ተስፋ በማድረግ ተቀብያለሁ።” ተስፋ ቅድመ ሁኔታ ነው? አይመስለኝም። ወይም… አላውቅም፣ “በማድረግ” የሚለው ምክንያቱን ይናገራል፤ የተቀበለችው ተስፋ ስላደረገች ነው ያሰኛል። ተስፋው ሲጠፋስ? እንጃ። ለብቻው ቢቆም፣ ከአራት ነጥቡ በኋላ፣ “ወደፊት እንደሚታይልኝ ተስፋ አለኝ” ብላ… እሱ ይሻላል መሰለኝ። ይሻላል። ግን እንዲህ ሲለያይ ያ መጀመሪያ የነበረው ለስላሳነት ሄደ፣ አይደል? ዓረፍተ ነገሯን መልሼ ሳነብ ድምጿ ይሰማኛል፣ ጎንበስ ብላ የምትናገረው፤ እኔ ያስተካከልኩት ላይ ድምጿ የለም፣ እና…

ቆይ፣ እንደገና ላንብበው። “በታላቅ ደስታ መቀበሌን እየገለጽኩ…”